አዲሱ ሕግ የዘለላቸው ጥያቄዎች፦ ከሊትዌኒያ ፖላንድኛ ተናጋሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሊትዌኒያ ሪፐብሊክ ምክር ቤት (ሴይማስ)
ለሊትዌኒያ ሪፐብሊክ መንግሥት
ቪልኒየስ

ጉዳዩ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራበት የአናሳ ብሔረሰቦች ሕግ ሳይመልሳቸው ስላለፋቸው የቋንቋ ጥያቄዎች

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ የተከበራችሁ ሚኒስትሮች፣

በኖቬምበር 7 ቀን 2024 ሴይማስ የአናሳ ብሔረሰቦችን ሕግ አጸደቀ። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ በ1989 ወጥቶ፣ በ1991 ተሻሽሎ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ላይ ተተኪ ሳይዘጋጅለት ዘመኑ አብቅቷል። አዲሱ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ድፍን አሥራ አምስት ዓመት በሕግ ክፍተት ውስጥ ቆየን። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ያህል ተጠብቆ የመጣው ሕግ መርሆችን ዘርዝሯል። ሲያከራክሩን የኖሩትን የመንደርና የጎዳና ሰሌዳዎችን፣ የስም አጻጻፍንና የትምህርት ቤቶቻችንን ዕጣ ግን ወይ ለሌሎች ሕጎች ትቷቸዋል፣ ወይ ሳይነካቸው አልፏል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2021 በተደረገው ቆጠራ ፖላንዳዊ ነኝ ያለው ዜጋ 183,421 ነው፤ ከአገሪቱ ሕዝብ 6.5 በመቶ መሆኑ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት 200,317 ነበርን። በሻልቺኒንካይ ወረዳ ከአራት ነዋሪ ሦስቱ፣ በቪልኒየስ ከተማ ዙሪያ ባለው የቪልኒየስ ወረዳ ደግሞ ከግማሽ የማይርቀው ነዋሪ ከእኛ ወገን ነው። ስደተኞች አይደለንም፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በፖላንድ ሥር በነበረው በዚሁ መሬት ላይ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን።

የተደራጀነውም ሕግ በፈቀደው መንገድ ነው። በ1988 የባህል ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1989 ወደ ሊትዌኒያ ፖላንዳውያን ኅብረት አደገ። በአካባቢ ምርጫ መወዳደር የሚችለው ፓርቲ ብቻ ነው ሲባል በ1994 የምርጫ ንቅናቄያችን ፓርቲ ሆኖ ተመዘገበ። ፊርማ አሰባስበናል፣ ፍርድ ቤት ሄደናል፣ በወረዳ ምክር ቤቶች አብላጫ ይዘናል፣ ከ2009 ጀምሮ በአውሮፓ ፓርላማ አንድ ተወካይ አለን። እንግዲህ መንገዱን አልሳትንም። መንገዱ የሚያደርሰው የት ነው የሚለውን ግን ጉዳይ በጉዳይ እናሳያችሁ።

ከሰሌዳው እንጀምር፤ ብዙዎቻችሁ እንደ ትንሽ ነገር የምታዩት እሱን ስለሆነ።

የቀድሞው ሕግ አንቀጽ 4 አናሳው ብሔረሰብ በብዛት በሚኖርበት አካባቢ፣ በመሥሪያ ቤቶች ከመንግሥት ቋንቋው ጎን የአካባቢው ቋንቋ እንዲሠራበት ይፈቅድ ነበር። አንቀጽ 5 ደግሞ የአካባቢውን ገላጭ ጽሑፎች በሁለቱም ቋንቋ መጻፍን ይፈቅድ ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 1995 የወጣው የመንግሥት ቋንቋ ሕግ ግን የአደባባይ ጽሑፍ በሊትዌንኛ ይሁን አለ፤ የአናሳ ብሔረሰብ ድርጅቶችን ስም ከዚህ ለየት አድርጎ በሁለት ቋንቋ እንዲጻፍ ከመፍቀዱ በቀር። አንዱ የሚፈቅደውን ሌላው እየከለከለ ሁለቱ ሕጎች አሥራ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ። ምክር ቤቱ አላስታረቃቸውም፤ ሥራውን ለዳኞች ተወው። በ2009 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የቋንቋ ሕጉን አስቀደመ፤ በማግሥቱ ዓመት የሚፈቅደው ሕግ ራሱ ሞተ።

ከዚያ የመጣው ቅጣት ነው። የሻልቺኒንካይ ወረዳ አስተዳደር ዳይሬክተር ባለ ሁለት ቋንቋ ሰሌዳዎቹን አላስነቀለም ተብሎ በ2014 መግቢያ ላይ ከ43 ሺህ ሊታስ በላይ ተቀጣ፤ በዩሮ ሲመነዘር ከ12 ሺህ የሚበልጥ። ሰሌዳዎቹ የተሰቀሉት በግለሰቦች ቤት ላይ ነበር። አስተዳደሩ የሰው ግድግዳ ላይ የተቸነከረን ነገር ለመንቀል ሥልጣን የለውም፤ ባለቤቱን አስገድድ የሚል የሕግ አንቀጽም አልተሰጠውም። አዛዡ ፍርድ ቤት፣ ታዛዡ ወረዳ፣ የሰሌዳው ባለቤት የቤቱ ጌታ ሆነና ከፋዩ ሹሙ ሆነ። ሕጉ እስካልጠራ ድረስ ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ተመሳሳይ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል።

በጎን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የቪልኒየስ ከተማ በ2016 የአይስላንድን ውለታ ለማሰብ በአይስላንድ ጎዳና ላይ በአይስላንድኛ የተጻፈ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ከዚያም በሌሎች ጥቂት ጎዳናዎች ላይ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ለጌጥ ተሰቅለዋል። ደስ ብሎናል። አይስላንድ በ1991 ለነፃነታችን ዕውቅና ለመስጠት ቀዳሚ ነበረችና ይገባታል። ለእንግዳ አክብሮት የሚጻፈው ጽሑፍ ለጎረቤት ሲሆን የሚያስቀጣበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ያስረዳን የለም።

ሰሌዳው ግራ መጋባት ያመጣል፣ አምቡላንስና ፖስታ ይሳሳታሉ የሚል ክርክር ይነሣል። የምንጠይቀው እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይደለም። በአድራሻ መዝገብ የሚገባው ስም ሊትዌንኛው ብቻ ይሁን። በሰሌዳው ላይ ሊትዌንኛው ከላይ፣ ፖላንድኛው ከሥር ይጻፍ፤ ፖላንድኛው ብቻውን አይሰቀል። ይህ ከራሳችን ያመጣነው ሐሳብ አይደለም፣ ከድንበሩ ማዶ የሊትዌኒያ ወገኖቻችሁ የሚኖሩበት ሥርዓት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ የፑንስክ ቀበሌ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሊትዌኒያውያን ናቸው። በጃንዋሪ 2005 የወጣው የፖላንድ ሕግ የአናሳው ብሔረሰብ ቁጥር ከቀበሌው ነዋሪ 20 በመቶ ከደረሰ፣ ቀበሌው ሲጠይቅ ቋንቋው ረዳት ቋንቋ ሆኖ በመንግሥት መዝገብ እንዲገባ ያዛል። ነዋሪው በጽሑፍም በቃልም በቋንቋው ማመልከት፣ ከጠየቀም መልሱን በዚያው ቋንቋ መቀበል ይችላል። ይግባኝ ግን በፖላንድኛ ብቻ ነው፤ ገደቡም በግልጽ ተቀምጧል። ተጨማሪው የቦታ ስም ከፖላንድኛው ስም በኋላ ይጻፋል፣ ለብቻው አይቆምም፣ በናዚ ጀርመንና በሶቪየት ገዢዎች ከ1933 እስከ 1945 የተሰጡ ስሞችን መመለስ አይቻልም፣ ሰሌዳ የመቀየሩን ወጪ የሚሸፍነው የመንግሥት በጀት ነው። ሊትዌንኛ በፑንስክ ረዳት ቋንቋ ሆኖ የተመዘገበው በ2006 ሲሆን በ2008 በ30 መንደሮች ሰሌዳ ላይ ወጣ። በ2011 ሰዎች በሌሊት ቀለም ቀብተው አበላሿቸው፤ ሕጉ ግን አልተነሣም። የፑንስክና የሴይኒ ሊትዌኒያውያን ችግር የለባቸውም አንልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትናንሽ ትምህርት ቤቶቻቸው ተዘግተዋል፤ በሴይኒ በ2005 የተከፈተውም በሊትዌኒያ ገንዘብ የቆመ ነው። ቢሆንም ሰሌዳቸው የሚጸናው በአንቀጽ እንጂ በሹም በጎ ፈቃድ አይደለም። ሊትዌኒያ ለእነሱ ተገቢ ነው ያለችው ነገር ለእኛ ተገቢ የማይሆንበትን ምክንያት ጻፉልን።

ወደ ስም እንሻገር። ኤፕሪል 26 ቀን 1994 በፖላንድና በሊትዌኒያ መካከል የተፈረመው ውል በአንቀጽ 14፣ የሁለቱም አገሮች አናሳዎች ስማቸውን በቋንቋቸው ድምፅ መሠረት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ዝርዝሩ በተለየ ስምምነት ይወሰናል ተብሎ ነበር። ያ ስምምነት አልተፈረመም። በ1999 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በፓስፖርት ዋና ገጽ ስም የሚጻፈው በመንግሥት ቋንቋ ነው አለ። በ2009 በሌላ ገጽ ላይ በመነሻ ቋንቋው ሊጻፍ ይችላል ብሎ አብራራ፤ የድንበር ሠራተኛ የማያየው ገጽ ማለት ነው። በ2011 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ሲ-391/09 በተለምዶ የሩኔቪች-ቫርዲን ጉዳይ የሚባለውን ሲወስን፣ ስማቸው እንዲስተካከል በጠየቁት ባልና ሚስት ላይ ከባድ እንግልት መድረስ አለመድረሱን የአገሩ ፍርድ ቤት ይመርምር አለና ኳሷን ወደ ቪልኒየስ መለሳት፤ የፊደል ምልክቶችን መተው ግን በቴክኒክ ምክንያት የተለመደ ነገር ነው ሲል አቃለለው።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 በመጨረሻ ሕግ ወጣ፤ ከሜይ 1 ጀምሮ ተሠራበት። በሊትዌንኛ ፊደል ውስጥ የሌሉት ኪው፣ ደብሊውና ኤክስ ተፈቀዱ። የወቅቷ የፍትሕ ሚኒስትር ራሷ ስሟን በደብሊው ካስተካከሉት ቀዳሚዎች አንዷ ነበረች። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሕጉ የፈቀደው ምልክት የሌላቸውን የላቲን ፊደላት ብቻ ነው። ፖላንድኛ ምልክት ያላቸው ዘጠኝ ፊደላት አሉት። ከእነዚህ ከሥራቸው ጭራ ያላቸው ሁለቱ አናባቢዎች በሊትዌንኛ ፊደል ውስጥም ስላሉ ችግር የለባቸውም። የቀሩት ሰባት ናቸው፦ ጭረት የተሻገራት ኤል፣ ነጥብ ያላት ዜድ፣ እንዲሁም ከአናታቸው ጭረት ያለባቸው ሲ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኤስና ዜድ። ክርክሩ ሁሉ ስለነዚህ ሰባት ነው።

ምልክቷ ጌጥ አይደለችም፤ ድምፅ ትለውጣለች። በፖላንድ በተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ውካሽ» ተብሎ የሚነበብ ልጅ፣ በቪልኒየስ መታወቂያ ላይ ጭረቷ ስትወድቅ «ሉካሽ» ይሆናል። የአባትና የልጅ የቤተሰብ ስም በሁለት ሰነድ ሁለት ዓይነት ሲሆን ባንኩ፣ የውርስ ፋይል የያዘው ኖታሪና ዲፕሎማ የሚያመሳክረው ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ይጠይቃሉ። በ2022ቱ ሕግ የሚጠቀም ሰውም ቢሆን መታወቂያውን ከለወጠ በኋላ ፓስፖርቱን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የባንክ ሒሳቡንና የቤቱን ካርታ ተራ በተራ ማዛመድ አለበት። ነገ ሰባቱ ፊደላት ቢፈቀዱ ይህንኑ ዙር እንደገና ይሄድበታል። ሥራው አንድ ጊዜ ተሟልቶ ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ዙር ባላስፈለገ።

የቴክኒክ ምክንያቱን በተመለከተ፣ የለም ብለን ብንጽፍ አንሳሳትም። ለባልቲክ ቋንቋዎች የተዘጋጀው የኮምፒውተር የፊደል ሠንጠረዥ፣ ዊንዶውስ 1257 የሚባለው፣ ሰባቱንም ፊደላት ከመጀመሪያው ይዟል። የዛሬዎቹ ሥርዓቶች የሚሠሩበት ዩኒኮድም እንዲሁ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 መሠረት በፓስፖርቱ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች የሚጻፉት ምልክት በሌላቸው 26 ፊደላት ነው፤ ባለ ጭረቷ ኤል እዚያ ተራ ኤል ትሆናለች። ከላይ በዓይን የሚነበበው ክፍል ግን የየአገሩን ምልክት ይቀበላል። ሊትዌንኛ ራሱ በፓስፖርት የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከላይ ምልክቱን ይዞ፣ ከታች ምልክቱ ወልቆ። የእኛን ስም በዚያው መንገድ ለማሳለፍ የሚገዛ ማሽን የለም።

ትምህርት ከሁሉም የከበደን ነው። ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ በፖላንድኛ መማር እንደሚቻል፣ የቢያሊስቶክ ዩኒቨርሲቲም ከ2007 ጀምሮ በቪልኒየስ ቅርንጫፍ እንዳለው ክደን አንጽፍም። ቅሬታችን ለውጥ በሚመጣበት አኳኋን ነው።

ማርች 17 ቀን 2011 የተሻሻለው የትምህርት ሕግ፣ በአናሳ ብሔረሰብ ትምህርት ቤቶች የሊትዌኒያ ታሪክና ጂኦግራፊ እንዲሁም የዜግነት ትምህርት በሊትዌንኛ እንዲሰጡ አዘዘ። የሊትዌንኛ የመልቀቂያ ፈተናም ከ2013 ጀምሮ ለሁሉም አንድ እንዲሆን ወሰነ። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት 60 ሺህ ያህል ፊርማ ቀርቦ ነበር። በሴፕቴምበር 2011 ወላጆች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ባለመላክ አድማ መቱ። ተቃውሞው ሊትዌንኛ አንማርም ማለት ተደርጎ ተተረጎመ። ስሌቱን እንዳለ እናስቀምጠው፦ ሕጉ ሲወጣ 10ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሊትዌንኛን እስከዚያ የተማረው ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ በተዘጋጀ መርሐ ግብር፣ በተለየ መጽሐፍና ባነሰ ክፍለ ጊዜ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሊትዌንኛ አፉን የፈታበት እኩያው በአሥራ ሁለት ዓመት የጨረሰውን ሥነ ጽሑፍ ሸፍኖ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ መመዘኛ እንዲፈተን ተጠየቀ። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ መጨመር በ5ኛ ክፍል ያልተጣለ መሠረት አይተካም።

ሚኒስቴሩ ይህን ተረድቶ በ2013 ማቃለያ አወጣ። ድርሰቱ አጠር እንዲል፣ የሚታለፈው የስሕተት ብዛት ከፍ እንዲል ነበር። በዚያው ዓመት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ማቃለያውን ከእኩልነት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። እኩልነት የሚጀመረው ከፈተናው ክፍል ደጃፍ ነው ወይስ ከአንደኛ ክፍል? መጀመሪያውኑ ለውጡ በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች እንዲጀምር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ማቃለያውም ክሱም ባላስፈለገ።

የትምህርት ቤት መታጠፍ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ ነገር ነው። በአንድ መንደር ሁለት ትምህርት ቤት አለ እንበል፤ የሊትዌንኛና የፖላንድኛ። በቪልኒየስና በሻልቺኒንካይ ወረዳዎች ይህ የተለመደ ነው፤ የፖላንድኛውን የሚያስተዳድረው ወረዳው ሲሆን ከሊትዌንኛዎቹ ብዙዎቹ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ናቸው። ልጆቹ ለሁለት ስለሚከፈሉ 11ኛ ክፍል ላይ ሁለቱም ለአንድ ክፍል የተቀመጠውን ዝቅተኛ የተማሪ ቁጥር ሊያጡ ይችላሉ። የ2011 ሕግ እንዲህ ሲሆን የሚጠበቀው የሊትዌንኛው እንዲሆን ወስኗል። የፖላንድኛው ጂምናዚየም (እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምረው ማለታችን ነው) ሁለቱን የመጨረሻ ክፍሎች ያጣና እስከ 10ኛ ብቻ ይሆናል። ያኔ ወላጅ ያሰላል፦ ልጄ ከ10ኛ በኋላ መዛወሩ ካልቀረ ከ5ኛ ጀምሮ ለምን አይዛወርም? የታችኞቹ ክፍሎች ይሳሳሉ። የሚቀጥለው ውሳኔ የሌላ ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ ማድረግ ነው፤ ቅርንጫፍ ርዕሰ መምህርና የራሱ በጀት የለውም፣ ለአውቶቡስ መስመር የሚከራከርለትም አያገኝም። ከዚያ በኋላ መዘጋቱን የሚወስነው ስብሰባ አጭር ነው። በ2024 በትራካይ ወረዳ የተነሣው የፖላንድኛ ትምህርት ቤቶች መልሶ ማደራጀት ወላጆችን ወደ አደባባይ ያወጣው ይህን ሰንሰለት ስለሚያውቁት ነው። የሊትዌንኛና የፖላንድኛ ተማሪን በአንድ ቁጥር የሚቆጥር መመዘኛ በጽሑፍ እኩል ይመስላል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የታጠፈበት የሊትዌንኛ ተማሪ በቀጣዩ ከተማ በቋንቋው ይማራል፤ የፖላንድኛው ተማሪ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል?

ስለ መሥሪያ ቤት አገልግሎት አጭር ነው የምንለው። በሻልቺኒንካይ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛዋ ፖላንድኛ የምትችል ከሆነ አሮጊቷን በፖላንድኛ ታስተናግዳታለች፤ ቅጹን ግን በሊትዌንኛ ታስሞላታለች። ሠራተኛዋ ጡረታ ስትወጣ አገልግሎቱም አብሮ ጡረታ ይወጣል። ሊትዌኒያ በ2000 ያጸደቀችው የአውሮፓ ምክር ቤት የአናሳ ብሔረሰቦች ጥበቃ ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 10፣ አናሳው በብዛት በሚኖርበት ቦታ ለዚህ ሁኔታ እንዲመቻች ይጠይቃል። ማመቻቸት ማለት በአንዲት ሠራተኛ ደግነት ላይ መተማመን አይመስለንም።

ይህን ሁሉ በምክር ቤት ውስጥ ተከራክራችሁ አስለውጡ ትሉን ይሆናል። በ1992 ምርጫ ለአናሳ ብሔረሰብ ድርጅቶች የማለፊያው ገደብ አይሠራም ነበር፤ አራት መቀመጫ አገኘን። በ1996 ገደቡ 5 በመቶ ሆነ፣ የእኛም ልዩ ሁኔታ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ዝርዝራችን ገደቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው በ2012 ነው፤ ስምንት መቀመጫ። በ2016ም ስምንት። በ2020 ለጥቂት ሳያልፍ ቀረና ከየምርጫ ወረዳው የተገኙት ሦስት ብቻ ቀሩ፤ በ2024ም ሦስት። ልብ በሉ፣ ከሕዝቡ 6.5 በመቶ የሆነ ወገን 5 በመቶን የሚሻገረው እንዳለ አንድ ሆኖ ሲወጣ ነው። ሁለተኛ ፓርቲ ቢቋቋም ሁለቱም ይወድቃሉ። ስለዚህ በመካከላችን የተለየ ሐሳብ ያለው ፖላንዳዊ ወይ ይታቀፋል ወይ ዝም ይላል፤ ፓርቲውም ቁጥር ለመሙላት ከሩሲያኛ ተናጋሪዎች ፓርቲ ጋር ይጣመራል። ከዚያ በኋላ ጥምረቱ ራሱ ለክስ ይቀርብብናል። ገደቡን ያወጣው ምክር ቤት ገደቡ የወለደውን ፖለቲካ በእኛ ላይ ብቻ መጻፉ ልክ አይደለም። የፖላንድ የምርጫ ሕግ የአናሳ ብሔረሰብ ዝርዝሮችን ከ5 በመቶው ነፃ ያደርጋል፤ የፖላንድ ምክር ቤትም በዚህ አልፈረሰም።

ጥርጣሬው ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። በ1990 በሻልቺኒንካይና በቪልኒየስ ወረዳ የራስ አስተዳደር የታወጀበት ጊዜ፣ በሴፕቴምበር 1991ም ሁለቱ ምክር ቤቶች የተበተኑበት ጊዜ ነበር። በ2014 አንድ የፖለቲካ መሪ የሩሲያን የድል ሪባን ደረቱ ላይ አድርጎ ታየ፤ ብዙዎቻችን ተቆጥተናል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ሪባን የሰባት ዓመት ሕፃን የሚማርበት ክፍል መዝጊያ ሊሆን አይገባም። ፖላንድና ሊትዌኒያ በአንድ የጦር ቃል ኪዳንና በአንድ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ናቸው። ፖላንድኛ ላይ የሚወጣ ክልከላ ሞስኮን አይጎዳም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የአናሳ ብሔረሰቦች ሕግ ማርች 10 በሚከፈተው የፀደይ ጉባኤ አጀንዳ ተይዞ፣ አናሳው 20 በመቶ በሆነበት ቀበሌና ወረዳ የቦታና የጎዳና ስም በሁለት ቋንቋ እንዲጻፍ፣ የጽሑፍ ማመልከቻም በቋንቋው እንዲቀርብ የሚፈቅድ አንቀጽ ይጨመርበት። የመንግሥት ቋንቋ ሕጉም በዚያው ቀን አብሮ ይሻሻል፤ አለበለዚያ የ1995ቱ ግጭት ይደገማል። በግለሰብ ንብረት ላይ ስለተሰቀለ ጽሑፍ የወረዳ ሹም በገንዘብ እንዳይቀጣ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በ2022ቱ የስም ሕግ ውስጥ «ምልክት የሌላቸው» የሚለው ገደብ ለአናሳ ብሔረሰብ አባላት ይነሣ። ስማቸውን አንድ ጊዜ ያስለወጡ ሰዎች ለሁለተኛው እርማት ክፍያ አይጠየቁ፤ አንዱ መዝገብ ሲታረም ሌሎቹ የመንግሥት መዝገቦች ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ ይታረሙ።

ሦስተኛ፣ በቋንቋ ፈተናና መርሐ ግብር ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ አንደኛ ክፍል ከሚገቡት ልጆች ይጀምር፣ መጽሐፉና የመምህራኑ ሥልጠና ከለውጡ ይቅደም። ለአናሳ ብሔረሰብ ትምህርት ቤቶች የተለየ ዝቅተኛ የተማሪ ቁጥር ይወሰን። ልጆች በዚያው ቋንቋ የሚማሩበት ቀጣይ ትምህርት ቤት በስንት ኪሎ ሜትርና በየትኛው አውቶቡስ እንደሚደረስ ሳይጻፍ የማጠፍ ውሳኔ አይጽና።

አራተኛ፣ የአናሳ ብሔረሰብ ዝርዝሮች ከ5 በመቶው ገደብ ነፃ የነበሩበት የ1992ቱ ሥርዓት ይመለስ።

አምስተኛ፣ ሊትዌኒያ እስከ ዛሬ ያልፈረመችውን የአውሮፓ የአካባቢና የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ትፈርም፤ በ1994ቱ ውል አንቀጽ 14 ለተባለው የተለየ ስምምነትም ከፖላንድ ጋር የድርድር ቀን ይቆረጥ።

መልሱን በጽሑፍ፣ ነጥብ በነጥብ እንጠብቃለን። የምትቃወሙት ነጥብ ካለ ምክንያቱን ከአንቀጹ ጋር ግለጹልን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቪልኒየስ፣ በሻልቺኒንካይና በትራካይ ወረዳዎች
የፖላንድኛ ትምህርት ቤቶች ወላጆችና መምህራን፣
የወረዳ ምክር ቤት ተመራጮችና የመንደር ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለማዕከላዊ የምርጫ ኮሚሽን
ለአውሮፓ ምክር ቤት የማዕቀፍ ስምምነቱ አማካሪ ኮሚቴ